አከራዬ ሚስማር ከልክለውኛል፤ የእናቴን ፎቶ በምን ልስቀለው?

የጠባሴዋ ተከራይ | ኅዳር 9፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው፤ ውሃ ሲጠፋ ከራሳቸው በርሜል ይቀዱልኛል። ቁልፉን ሲሰጡኝ ያሉኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ሚስማር እንዳትመቺብኝ።» እሺ ብዬ ገባሁ።

የእናቴ ፎቶ አለኝ። ካረፈች በኋላ ያሳደግኩት ነው፤ 50 በ70፣ መስታወት ያለው፣ ፍሬሙ እንጨት። ሦስት ወር ሙሉ ቁም ሳጥኑ ጎን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኳት። ባለፈው ሳምንት አላስችል አለኝና ያን ስፖንጅ ያለውን ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ከገበያ ገዝቼ፣ አራቱን ጥግ ለጥፌ ሰቀልኩት። ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቤቱ የተናደ መሰለኝ። ፎቶው ደህና ነው፣ መስታወቱ ግን ተሰነጠቀ። የገረመኝ ደግሞ ፕላስተሩ ፍሬሙ ላይ እንዳለ ነው፤ የግድግዳው ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተልጦ አብሮት መጥቷል። ግድግዳው ላይ የመዳፍ ግማሽ የሚያህሉ አራት ጠባሳዎች ቀርተዋል። እትዬ አላዩም። ቁም ሳጥኑን አስጠግቼ ሸፍኛቸዋለሁ።

ጠባሳውን በምን ልድፈን? ፎቶውንስ ያለ ሚስማር በምን ልስቀል?

---

ቶሎ ቶሎ | ማታ 2:52

ሱፐር ግሉ። አለቀ።

---

ቀለም ቀቢ ነኝ | ማታ 3:10

እህቴ፣ ከላይ ያለውን ልጅ አትስሚው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ድንጋይ ነው የሚሆነው፤ አይለጠጥም። ወይ ሌሊት ቀጭ ብሎ ይለቃል፣ ወይ ደግሞ ስታነሺው ልስኑን ገንጥሎ ይዞልሽ ይመጣል።

የወደቀበትን ምክንያት ራስሽ ጽፈሽዋል። ፕላስተሩ ፍሬሙ ላይ ቀርቶ ቀለም ይዞ ከመጣ ማጣበቂያው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ ግድግዳውን የለቀቀው ቀለሙ ነው። ፕላስተሩ ግድግዳው ላይ ቢቀር ኖሮ የፍሬሙ ጀርባ አቧራ ነበረበት እልሽ ነበር። እኔ የወደቀ ነገር ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማገላብጠው ይህንን ነው።

አሁን ተነሺና መዳፍሽን ግድግዳው ላይ ጫን አድርገሽ እሺው። እጅሽ ነጭ ዱቄት ከያዘ ኖራ ነው፣ ወይም በውሃ የቀጠነ ርካሽ ቀለም። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ምንም ዓይነት ማጣበቂያ አይይዝም፤ የለጠፍሽው ዱቄት ላይ ነው። እጅሽ ንጹሕ ከሆነ ፕላስቲክ ቀለም ነው፣ ተስፋ አለው። የሚያብረቀርቅና የሚያንሸራትት ከሆነ ዘይት ቀለም ነው፤ ለማጣበቂያ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ እኛ አገር ዘይት ቀለም ሲቀባ ከወገብ በታች ነው፤ ፎቶ ደግሞ ዓይን ትይዩ ይሰቀላል።

ቤቱስ ጭቃ ነው ብሎኬት? ኮርኒሱ የምንድን ነው?

---

የጠባሴዋ ተከራይ | ማታ 3:21

ጭቃ ነው፣ በላዩ ልስን አለው። ኮርኒሱ ቺፑድ ነው። እጄ ዱቄት ቤት የዋልኩ መሰለ።

---

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ | ማታ 3:40

እናንተ በውርጭ ትወድቃላችሁ፣ እኛ በሙቀት። የምረቃ ፎቶዬን በዚያው ዓይነት ስፖንጅ ፕላስተር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። የኔው እንደ አንቺ አልወደቀም፤ ተንሸራተተ። ሰኞ ግንባሬ ትይዩ የነበረው ፎቶ በሳምንቱ ደረቴ ጋ ደርሷል። ሳነሳው ሙጫው እንደ ማር ነው የተሳበው። ታናሽ ወንድሜ «ዲግሪህ እየወረደ ነው» ሲለኝ ነው የከረመው።

---

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ | ማታ 4:05

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ እናትና አባቴ ግን ደብረ ብርሃን ናቸው። አክስቴ ከውጭ ኮማንድ የሚባለውን ማጣበቂያ አምጥታልኝ ሳሎኔን በሙሉ የሰቀልኩት በሱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ሲነሳ ምልክት አይተውም። ግን ብዙ ሰው አጠቃቀሙን ሳያነብ ነው የሚለጥፈው።

መጀመሪያ ግድግዳው በአልኮል ይጠረጋል። የፋርማሲውን አልኮል ተጠቀሚ፤ የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ማለስለሻ ስላለበት ቅባት ይተዋል። ፕላስተሩን 30 ሰከንድ ያህል ጫን ብለሽ ትይዣለሽ። ፕላስተሩ ሁለት ተጣማጅ ስለሆነ ከዚያ ፎቶውን ከነአንዱ አላቅቀሽ ታወርጂና ግድግዳው ላይ የቀረውን ለብቻው አንድ ሰዓት ትተዪዋለሽ፤ ፎቶው የሚመለሰው ከሰዓቱ በኋላ ነው። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ከሆነ ቢያንስ 7 ቀን ይጠበቃል። ስታነሺው ጅራቱን ወደ ራስሽ እንዳትስቢው፤ ግድግዳውን ታክኮ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ እስኪያልቅ ነው የሚሳበው። ልጄ አንዱን ወደ ራሱ ጎትቶት የግድግዳዬን ቆዳ ገፍፎታል።

እናቴ ጋ ወስጄ ደብረ ብርሃን ስሞክረው ግን አልሆነም። ኋላ ማሸጊያውን ሳነበው የሚሠራው ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ነው ይላል። በኅዳር ሌሊት የእናቴ ሳሎን ግድግዳ 10 ዲግሪ ይሞላል ብዬ አልምልም።

---

ቀለም ቀቢ ነኝ | ማታ 4:20

እህ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። ማጣበቂያ በብርድ ይደነድናል፣ መያዝ ይተዋል። ያውም ወደ ውጭ የሚያየው ግድግዳ ሌሊት ያልበዋል። ጎህ ሲቀድ እጃችሁን ብታሳርፉበት ርጥበቱ ይታወቃችኋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ጣርማ በርን ስትወርዱ ጃኬት እንደምታወልቁት ሁሉ ሙጫውም ሌላ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ለምትለጥፉ ሰዎች፦ ሁለት ክፍል የሚለየው የውስጥ ግድግዳ ላይ አድርጉት፤ የምትለጥፉትም ቀን ቤቱ ሞቆ፣ እኩለ ቀን ላይ ይሁን። ሸዋ ሮቢቴው ደግሞ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ሽሽ።

ለጠባሴዋ ግን ኖራ ስለሆነ ማጣበቂያ የሚባለውን እርሺው።

---

የፊዚክስ አስተማሪው | ኅዳር 10፣ ጠዋት 1:15

ክብደቱን የጠየቀ ሰው የለም። መስታወት በአንድ ሜትር ካሬ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። 50 በ70 ማለት 0.35 ሜትር ካሬ ነው። ባለ 3 ሚሊ ከሆነ መስታወቱ ብቻውን 2.6 ኪሎ፣ ባለ 4 ሚሊ ከሆነ 3.5 ኪሎ ይሆናል። ፍሬሙና ጀርባው አልተቆጠሩም። ሱቅ ወስደሽ ሽንኩርት በሚመዘንበት ሚዛን አስመዝኚው፤ ባለሱቁ ይስቅብሽ እንጂ እምቢ አይልሽም።

መስታወቱ ተሰንጥቋል ብለሻል። እንግዲያው በመስታወት ፈንታ ግልጽ ፕላስቲክ አስገቢበት፤ በአንድ ዓይነት ውፍረት ክብደቱ ግማሽ ነው። ቢወድቅም ሰው አይቆርጥም። መቧጨሩ ግን አይቀርም፤ በደረቅ ጨርቅ እንዳትወለውይው።

ሌላው የክሩ ነገር ነው። ብዙ ሰው ፎቶ ሲሰቅል ከኋላ ያለውን ክር ሸምቅቆ ይወጥረዋል፣ ጠንካራ እየመሰለው። ተቃራኒው ነው። ከአንድ ሚስማር ላይ ስትሰቅይ ክሩ ከአግድም 30 ዲግሪ ብቻ ካዘነበለ እያንዳንዱ ወገን የፎቶውን ሙሉ ክብደት ይሸከማል። 60 ዲግሪ ካዘነበለ ሸክሙ ከግማሽ ትንሽ ያልፋል። ሁለት ክር ቀጥ ብለው ቢወርዱ ደግሞ እኩል እኩል ይካፈሉታል። የክፍል ተማሪዎቼን አንድ ባልዲ ውሃ ለሁለት አስይዤ እጃቸውን እያራራቅኩ ነው የማሳያቸው፤ በሦስተኛው እርምጃ ባልዲው መሬት ነው።

---

አከራይም ሰው ነው | ኅዳር 10፣ ረፋድ 4:30

ሁላችሁም ተከራይ መሆናችሁ ያስታውቃል። እስኪ እኔም ልናገር። አንድ ወጣት ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሲወጣ ክፍሉን ባየው 14 ሚስማር። ሚስማሩ ባልከፋ፤ ሲወጣ «ልንቀልልዎ» ብሎ በመዶሻው ቀንድ ሲነቅለው ከእያንዳንዱ ጋር ጡብ የሚያህል ልስን አብሮ ወረደ። ጭቃ ቤት ደግሞ አንዴ ከተፈነከተ አይመለስም። አዲሱ ምርጊት ከአሮጌው ጋር አይጋባም፤ ሲደርቅ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ትኋን አለ። ትኋን የሚስማር ቀዳዳ ይወዳል፣ የፎቶ ጀርባም ይወዳል። እኔ ሚስማር የምከለክለው ለግድግዳው ብቻ ብዬ አይደለም።

አሁን እኔ ጋ አዲስ ተከራይ ሲገባ «የት የት ትፈልጋለህ?» ብዬ ራሴ ሁለት እመታለሁ፣ ጭቃው ውስጥ ቋሚ እንጨቱ ያለበትን አንኳኩቼ። ሌላ የለም።

አንቺ ልጅ፣ ጠባሳውን ለሴትዮዋ ንገሪያቸው። ቁም ሳጥን የማይነሳ መስሎሻል?

---

የጠባሴዋ ተከራይ | ኅዳር 10፣ ቀን 6:50

ጋሼ እውነትዎን ነው። እነግራቸዋለሁ። ግን መጀመሪያ ልድፈነውና የተደፈነውን እያሳየሁ ልንገራቸው?

---

ቶሎ ቶሎ | ቀን 7:02

በጥርስ ሳሙና ድፈኚው፤ ነጭ በነጭ ነው። ዩኒቨርሲቲ ዶርም የሁላችንም ግድግዳ በዚያ ነው ያለፈው።

---

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ | ቀን 7:15

አድርጌው አውቃለሁ። ሲደርቅ ተኮማትሮ ጎድጎደ፣ ቀለም ሲነካው ቢጫ ሆኖ ብቅ አለ። ቀቢው መጥቶ ግድግዳውን አሽትቶ «ሚንት ነው?» አለኝ።

---

የሞላሌ ልጅ | ኅዳር 10፣ ማታ 1:30

ይህን ሁሉ ሳነብ አያቴ ቤት ነው ትዝ ያለኝ፤ መንዝ፣ ሞላሌ። ቤቱ የድንጋይ ነው፣ ማያያዣው ጭቃ። እዚያ ቤት ሚስማር የሚባል አይቼ አላውቅም፤ ያልተሰቀለ ነገር ግን የለም። ሲሠራ ጀምሮ ግድግዳው ውስጥ ኩላብ ተቀብሯል፤ ምሰሶው አካባቢ የበሬ ቀንድ፣ ጓዳ በኩል ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ የቀና የወይራ እንጨት። ባናው፣ ጅራፉ፣ የአያቴ በርኖስ፣ መሶቡ፣ በኋላም የአጎቴ የወታደር ፎቶ ቀንዱ ላይ ነው የኖረው። ፎቶው የታሰረው በጓሳ ገመድ ነው። ጓሳ ክዳንም ገመድም ነው እኛ ጋ። ቀንዱ እጅ ስለበዛበት እንደ ጥቁር መስታወት ያብለጨልጫል።

እና የጥንቱ ሰው ፎቶ ሳይኖረው መስቀያውን አስቀድሞ ሠርቶ ነበር። እኛ ሠላሳ ፎቶ ይዘን ልሙጥ ግድግዳ ተከራየን።

የድንጋይ ቤት ያላችሁ ግን ድንጋዩን በጭራሽ አትንኩት። ሁለቱ ድንጋይ በሚገናኙበት ጭቃ ውስጥ የደረቀ እንጨት ሽብልቅ ጠርባችሁ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ሚስማሩን ሽብልቁ ላይ ምቱ። ሲፈለግ ሽብልቁ ይነቀላል፣ በጭቃ ይደፈናል፣ ማንም አያውቅም።

---

ቀለም ቀቢ ነኝ | ኅዳር 10፣ ማታ 2:45

ሞላሌ፣ ተባረክ። የጠባሴዋም መፍትሔ ከዚያው ነው የሚመጣው፤ ከግድግዳው ሳይሆን ከቤቱ አጥንት ላይ ይሰቀል።

ኮርኒስሽ ቺፑድ ነው ብለሻል። ቺፑድ ብቻውን አይሸከምም፤ ከላዩ ግን ሞራሌ አለ፣ ቺፑዱ የተመታበት እንጨት። ሁለት ቺፑድ የሚገናኙበትን የሸፈነውን ቀጭን እንጨት ተመልከቺ፤ የሚስማሮቹ ራስ በመስመር ይታያል። ከመስመሩ በላይ ሞራሌ አለ። ግድግዳው ጥግም ዙሪያውን እንደዚያው ነው። የመጋረጃ ሽቦ የሚታሰርበትን ጥርስ ያለውን መንጠቆ ሁለት ግዢ። በቀጭን ሚስማር መንገድ አስጀምሪለት፣ ከዚያ በእጅሽ እያዞርሽ አስገቢው። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ሳይከብድሽ ሰተት ብሎ ከገባ ባዶ ቺፑድ ነው፤ አውጪውና ትንሽ ፈቀቅ በዪ። ከግድግዳው ሦስት ጣት ይራቅ። ሁለቱ መንጠቆዎች በፍሬሙ ጫፍና ጫፍ ልክ ይሁኑ፤ አስተማሪው እንዳለው ክሩ ቀጥ ብሎ ይውረድ።

ክሩ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሁን፣ ወፍራሙ፤ ከሩቅ አይታይም። ናይለን ግን አታላይ ነው፤ ቋጠሮው ይንሸራተታል። ሦስት ጊዜ ቋጥሪና ጫፉን በክብሪት አቅልጠሽ አድበልብዪው። የመጀመሪያውን ቀን ተለጥጦ ይወርዳል፤ ስለዚህ ማስተካከያውን በማግስቱ አድርጊው፣ በውሃ ልክ። ውሃ ልክ ከሌለሽ ፍሬሙ ላይ ብይ አስቀምጪ። የፍሬሙ የታች ጥጎች ጀርባ ላይ ከብስክሌት ካላማዳሪያ ሁለት ቁራጭ ለጥፊ፤ ያለዚያ ነፋስ በር በከፈተ ቁጥር ፍሬሙ ኖራውን እየፋቀ ግማሽ ክብ ይሥልብሻል።

ለመንጠቆውም ፈቃድ ጠይቂ። ሚስማር አይደለም ብለሽ እንዳትሸውጃቸው፤ ኮርኒሱም የሳቸው ነው።

ወደ ጠባሳው። ጠርዙን በቢላ ጀርባ ፍቂው፤ የተነሳው ቅርፊት በሙሉ ይውረድ፣ አትሳሺለት። በብሩሽ አቧራውን አራግፊ። ከስሩ ልስኑ ከጎደጎደ ጄሶ በጥብጪ፤ በአንድ ሲኒ ልክ ብቻ፣ አቦሉን ሳትጠጪ ይደርቅብሻል። በፕላስቲክ ካርድ ለስልሺው፤ ሲደርቅ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት። ከዚያ ኖራው። ግድግዳውን መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፊበት፤ ደረቅ ግድግዳ የኖራውን ውሃ ይመጠውና ዱቄት አድርጎ ያስቀረዋል። ቀጭን አድርገሽ ሁለት ጊዜ ቀቢ። እርጥብ እያለ ምንም ያልቀባሽ ይመስላል፤ ደንግጠሽ እንዳታወፍሪው፣ ሲደርቅ ነው የሚነጣው። ጠባሳውን ብቻ ነጥለሽ ከቀባሽ አራት ነጭ ጨረቃ ይወጣልሻል። ያንን አንድ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ቀቢው። ዓይንሽን ሸፍኚ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል።

---

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ | ማታ 3:00

ጋሽ ቀቢው፣ የተሳበው ሙጫ ግድግዳዬ ላይ ቀርቷል። ቀለሙ ዘይት ነው። በነጭ ጋዝ ልጥረገው?

---

ቀለም ቀቢ ነኝ | ማታ 3:08

ዘይት ቀለም ከሆነ በጨርቅ ጠብ አድርገህ ትችላለህ፤ መስኮት ክፈት፣ እሳት አጠገብህ አይኑር፣ ወዲያው በሳሙና እጠበው። ገና ያልተነሳ ካለ ግን አትጎትት፤ ፍል ውሃ ያለው ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለህ ጥቂት አስደግፍበትና በናይለን ክር ከኋላው እንደ መጋዝ ቁረጠው። ኖራ ቤት ያላችሁ ጋዝ እንዳታስነኩት፤ ቅባቱ ጠልቆ ገብቶ በማንኛውም ቀለም አይሸፈንም።

---

የጠባሴዋ ተከራይ | ኅዳር 18፣ ማታ 2:10

ተመልሻለሁ። ፎቶዋ ተሰቅላለች!

መጀመሪያ ነገርኳቸው። ቁም ሳጥኑን ራሴ ገፍቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ጠባሳውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና «እኔስ ሌሊት የሰማሁት ጅብ መስሎኝ ነበር» አሉ። መንጠቆውን ፈቀዱ። ኖራውን ስቀባ እንደተባልኩት እርጥቡን አይቼ ደነገጥኩ፣ አንድ ጊዜ አወፈርኩት፤ አንዷ ጥግ አሁንም ይበልጥ ታበራለች። መስታወቱን በፕላስቲክ ቀይሬ ሱቅ አስመዘንኩት፤ 2 ኪሎ ከ100 ግራም። ባለሱቁ «ስንት ኪሎ ልቁረጥልሽ?» አለኝ።

የመጀመሪያው መንጠቆ ሰተት ብሎ ገባ፤ ባዶ ነበር። አራት ጣት ፈቀቅ ስል ሞራሌውን አገኘሁት፤ እጄ እስኪቀላ ነው ያዞርኩት። ናይለኑም እንደተባለው በማግስቱ አንድ ጣት ወርዶ ጠበቀኝ። አሁን አራተኛ ሌሊቱ ነው። 10 ሰዓት ላይ አሁንም እነቃለሁ፤ ግን ዝም ነው።

ዛሬ እትዬ ቡና ሊጠጡ መጥተው ናይለኑን ወደ ላይ እየተከተሉ አዩት። ወጡና የሆነ ነገር በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ የባለቤታቸው ፎቶ ነው። ቤቱ ከተቀባ ጀምሮ ብፌ ውስጥ ነበር፤ ለካ በሳቸውም ቤት ሚስማር ክልክል ነው! «ለኔም እንዲሁ አድርጊልኝ» አሉኝ። ከነመስታወቱ 4 ኪሎ ተኩል ነው። ጋሽ ቀቢው፣ የሳቸው ሳሎን ኮርኒስ ግን አቡጀዲ ነው። ምን ላድርግ?

---

ቀለም ቀቢ ነኝ | ማታ 2:31

አቡጀዲ ከሆነማ ሚስማር ይፍቀዱ።